ድጎማው ከማን ጋር ይጓዛል?
የአየርላንድ መንግሥት የችግረኛ ቤተሰቦችንና የትራቭለር ማኅበረሰብን ልጆች የትምህርት ውጤት ለማሻሻል የሄደበት መንገድ

አየርላንድ በብዙ አንባቢ ዘንድ የምትታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በረሃብ ምክንያት ልጆቿን በመርከብ ወደ አሜሪካ የሸኘች፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወዲህ ደግሞ የታላላቅ የቴክኖሎጂና የመድኃኒት ኩባንያዎች መናኸሪያ ሆና የበለጸገች አገር በመሆኗ ነው። የብልጽግናዋ ምክንያት በተነሣ ቁጥርም ትምህርት አብሮ ይነሣል፤ የትምህርት ሚኒስትሩ ዶና ኦማሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በነጻ እንደሚሰጥ ካስታወቁና ውሳኔው በማግስቱ ዓመት ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ የገበሬውና የወዛደሩ ልጅ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከዩኒቨርሲቲ ደጃፍ መድረሱ የአገሪቱ ትልቅ ኩራት ሆኖ ይተረካል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።)

ትረካው እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። የትምህርት ክፍያ መነሣቱ በድህነት ውስጥ ለሚያድግ ልጅ የዩኒፎርሙን፣ የምሳውን፣ ጸጥ ያለ የማጥኛ ቦታውንና ጥያቄ ሲቸግረው የሚያስረዳውን የተማረ ወላጅ ጉዳይ አልፈታም፤ በዚህም የተነሣ በደብሊን መሐል ከተማ በሚገኙት የድሮ የወደብ ሠራተኞች መንደሮች፣ በሊምሪክና በኮርክ የከተማ ዳርቻዎች እንዲሁም በምዕራቡ የገጠር ክፍል ብዙ ልጆች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ መቅረታቸው ቀጠለ። ከእነዚህ ሁሉ በታች የቀረው የትራቭለር ማኅበረሰብ ነው። የአገሪቱ የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ጥናት ተቋም የ2011ን የሕዝብ ቆጠራ መሠረት አድርጎ በ2017 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ለሥራ ከደረሱት ትራቭለሮች መካከል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን እስከ መጨረሻው የተከታተሉት 8 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በቀረው ሕዝብ ዘንድ ይኸው መጠን 73 በመቶ ነበር።

መንግሥት በሐምሌ 2024 የትራቭለርና የሮማ ልጆችን ትምህርት የሚመለከት፣ እስከ 2030 የሚዘልቅ ስትራቴጂ ይፋ ሲያደርግ ጉዳዩ እንደገና መነጋገሪያ ሆኗል። ስትራቴጂው የመጀመሪያው ዕቅድ አይደለም፤ ከስድሳ ዓመታት በላይ ኮሚሽኖች ተቋቁመዋል፣ ሪፖርቶች ተጽፈዋል፣ በጀት ተመድቧል፣ በጀት ታጥፏል። ስለዚህ ሊመረመር የሚገባው መንግሥት ገንዘብ ማውጣቱ ወይም አለማውጣቱ ብቻ ሳይሆን፣ የሚያወጣው ድጋፍ ከትምህርት ቤቱ ሕንፃ ጋር የሚቀር ወይስ ልጁን ተከትሎ የሚሄድ መሆኑ ነው።

ትራቭለሮች እነማን ናቸው?

ትራቭለሮች ከውጭ የመጡ ስደተኞች ሳይሆኑ የአየርላንድ ነባር ተወላጆች ናቸው። ስማቸው እንደሚያመለክተው ከቦታ ቦታ በመንቀሳቀስ ይኖሩ የነበሩ፣ የራሳቸው ልማድ፣ የዘመድ አዝማድ ትስስርና እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት ቋንቋ ያላቸው ማኅበረሰብ ሲሆኑ፣ በዚያ ቋንቋ ራሳቸውን ሚንኬር ብለው ይጠራሉ። በ2017 የታተመ የዘረመል ጥናት፣ በረሃቡ ዘመን ከቤታቸው የተፈናቀሉ ገበሬዎች ዝርያ ናቸው የሚለውን ሰፊ እምነት አፍርሶ፣ ከሌላው የአየርላንድ ሕዝብ ቢያንስ ከ360 ዓመታት በፊት እንደተለዩ አሳይቷል። የ2022 የሕዝብ ቆጠራ 32,949 ትራቭለሮችን የመዘገበ ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጡት ከ25 ዓመት በታች በመሆናቸው የትምህርት ጉዳይ ለዚህ ማኅበረሰብ የሩቅ ጉዳይ ሊሆን አይችልም። በስትራቴጂው አብረው የተጠቀሱት ሮማዎች የዘር ምንጫቸው ከሕንድ የሚመዘዝ፣ ወደ አየርላንድ በአብዛኛው ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ሌላ ሕዝብ ናቸው፤ ሁለቱን ያገናኛቸው የደረሰባቸው መገለል ነው።

እስከ 1950ዎቹ ድረስ የትራቭለሩ ኑሮ ከገጠሩ ኢኮኖሚ ጋር የተሳሰረ ነበር። ከቆርቆሮ ባልዲና ማሰሮ መሥራት፣ የተበሳ ዕቃ መበየድ፣ ፈረስ መነገድ፣ በድንችና በስኳር ቀይ ሥር (ሹገር ቢት) አዝመራ ወቅት ለገበሬው በቀን ሥራ ማገዝ የሰርክ ሙያቸው ሲሆን፣ ከመንደር መንደር ወሬና ዜማ ያዛመቱትም እነርሱ ነበሩ፤ የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ዛሬም ድረስ በአክብሮት የሚያነሣው በክንድ ግፊት የሚነፋው የከረጢት ዋሽንት ተጫዋች ጆኒ ዶራን ከዚሁ ማኅበረሰብ የወጣ ነው። ፕላስቲክ የቆርቆሮውን ባልዲ፣ ትራክተር የቀን ሠራተኛውን ሲተኩ ግን ኑሮው መሠረቱን አጣ፤ ቤተሰቦቹም በከተሞች ዳርቻ ተሰባሰቡ፤ ሙያቸውን ያላወቀው የከተማ ነዋሪም የሚያየው ድህነታቸውን ብቻ ሆነ።

እንደ ችግር የተቆጠረ ሕዝብ

በ1960 የተቋቋመውና በ1963 ሪፖርቱን ያቀረበው የዘላንነት ኮሚሽን መንግሥት ጉዳዩን በየት በኩል እንዳየው ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ኮሚሽኑ የተሰጠው ተልዕኮ ዘላኖች በመኖራቸው የተፈጠረውን ችግር እንዲያጠና ሲሆን፣ ከአባላቱ መካከል አንድም ትራቭለር አልነበረም፤ የደረሰበት መደምደሚያም ማኅበረሰቡ ቤት ተሰጥቶት፣ ልጆቹም ተምረው፣ በሂደት ከሰፊው ሕዝብ ጋር እንዲዋጥ ማድረግ የሚል ነበር። በዚህ አስተሳሰብ ትምህርት ለልጁ የሚገባ መብት ከመሆን ይልቅ ከአባቱ አኗኗር የሚላቀቅበት መሣሪያ ተደርጎ ተወሰደ። ዛሬ አንዲት ትራቭለር እናት የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ በጥርጣሬ ስትመለከት፣ ጥርጣሬዋ ከዚህ ታሪክ የሚመነጭ መሆኑን መዘንጋት ፍርደ ገምድልነት ነው።

> «ትምህርት ለልጁ የሚገባ መብት ከመሆን ይልቅ ከአባቱ አኗኗር የሚላቀቅበት መሣሪያ ተደርጎ ተወሰደ።»

ቀጥለው በመጡት ዓመታት ለትራቭለር ልጆች ብቻ የተከፈቱ ልዩ ክፍሎች ተበራከቱ። የልዩ ክፍሎቹ ዓላማ ዘግይቶ ትምህርት የጀመረውን ልጅ ከእኩዮቹ ለማድረስ ነው ቢባልም፣ በተግባር የስድስት ዓመቱና የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ በአንድ ክፍል ታጉረው፣ በአንዳንድ ቦታዎችም የዕረፍት ሰዓታቸውና የመጫወቻ ሜዳቸው ከሌሎች ልጆች ተለይቶ ይውሉ ነበር። ዛሬ አያቶች የሆኑት የዚያ ዘመን ተማሪዎች ጠዋት ከትምህርት ቤት እንደደረሱ ከቤታቸው ታጥበው ቢመጡም እንኳ ገላቸውን እንዲታጠቡ ይደረጉ እንደነበር፣ ብዙዎቹም ዓመታት ከክፍል አሳልፈው ማንበብ ሳይችሉ እንደወጡ ይናገራሉ። በሥራ ላይ የነበሩ መምህራን ሁሉ ክፉዎች ነበሩ ማለት አይደለም፤ ከልባቸው የደከሙ ነበሩ። ነገር ግን አንድን ልጅ ከሌላው ለይቶ ማስተማር ለልጁም፣ ለጓደኛውም፣ ለመምህሩም አንድ ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም ይህ ልጅ ከሌላው ያነሰ እንደሆነ ነው።

በመንግሥት ተቋቁሞ በ1995 ሪፖርቱን ያቀረበው ግብረ ኃይል በበኩሉ ልዩ ክፍሎቹ ቀርተው ልጆቹ ከእኩዮቻቸው ጋር እየተማሩ የተጨማሪ መምህር እገዛ እንዲያገኙ ሐሳብ አቀረበ። በዚሁ መስመር ሁለት ዓይነት መምህራን ተስፋፉ። የመጀመሪያዎቹ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ተመድበው ለትራቭለር ልጆች ተጨማሪ እገዛ የሚሰጡ ሲሆኑ፣ ሁለተኛዎቹ ተዘዋዋሪ መምህራን የሚባሉ፣ ቁጥራቸው 40 ያህል የነበረ፣ ከሰፈር ሰፈር እየሄዱ ቤተሰቡን ከትምህርት ቤቱ የሚያገናኙ፣ ልጁ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲዛወርም መቀመጫ የሚያፈላልጉለት ነበሩ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የትራቭለር ልጅ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መግባቱ ብርቅ መሆኑ ቀርቶ የተለመደ ሆነ።

ዴሽ፦ በአድራሻ የሚመደብ ድጋፍ

ትራቭለሮችን ብቻ ሳይሆን በድህነት ውስጥ የሚያድጉትን ልጆች ሁሉ የሚመለከተው ሌላው የድጋፍ መስመር ሥሩ በደብሊን መሐል ከተማ፣ በራትላንድ ጎዳና በ1969 ከተጀመረው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ሙከራ ይነሣል። ሙከራውን የተከታተሉ አጥኚዎች ከዓመታት በኋላ ልጆቹን ሲያጠኑ፣ በመጀመሪያ በፈተና የታየው ብልጫ እየደበዘዘ ቢሄድም፣ ልጆቹ ሌሎች የሰፈራቸው ልጆች ካደረጉት በላይ በትምህርት ላይ ቆይተው ለብሔራዊ ፈተና መቀመጣቸውን አስተዋሉ። ከ1990 ወዲህ የተለያዩ ፕሮግራሞች እየተከታተሉ መጡ፤ በ2005 ሁሉም በአንድ ጥላ ሥር ተሰባስበው ዴሽ የተባለው፣ በትምህርት ቤቶች የዕድል እኩልነትን ማስፈን የሚል ዓላማ ያነገበው ፕሮግራም ተወለደ።

የዴሽ አሠራር በአጭሩ ሲገለጽ የሚከተለውን ይመስላል። መንግሥት የትምህርት ቤቱን ተማሪዎች አድራሻ ከሕዝብ ቆጠራ ከሚገኘው የድህነት መለኪያ ጋር ያመሳክራል፤ መለኪያው በአንድ ትንሽ መንደር ውስጥ ስንት ሰው ሥራ እንዳለው፣ ስንቱ ምን ያህል እንደተማረ፣ ስንት ልጆች በአንድ ወላጅ ብቻ እንደሚያድጉና የመሳሰለውን አጣምሮ ለመንደሩ ደረጃ የሚሰጥ ነው። ብዙ ተማሪዎቹ ከተቸገሩ መንደሮች የሚመጡለት ትምህርት ቤት በዴሽ ይታቀፋል፤ የከተማዎቹ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም እንደ ችግሩ ክብደት በሁለት እርከን ይከፈላሉ። በ2022 በተደረገው ማስፋፊያ 322 ትምህርት ቤቶች የተጨመሩ ሲሆን፣ የታቀፉት ትምህርት ቤቶች ቁጥር 1,194 ደረሰ፤ በእነዚህም የሚማሩት ከአገሪቱ ተማሪዎች ከአራቱ አንዱ ናቸው። በዚሁ ጊዜ በተሻሻለው ቀመር ትራቭለሮች፣ ሮማዎች፣ ቤት አልባ ቤተሰቦችና ጥገኝነት ጠይቀው በመንግሥት መጠለያ የሚኖሩ ልጆች የተለየ ክብደት እንዲሰጣቸው ተደርጓል።

የታቀፈው ትምህርት ቤት ተጨማሪ የሥራ ማስኬጃ ድጎማ፣ ምግብ፣ ለመጻሕፍት የሚውል ገንዘብና ልጆች እንዳያቋርጡ የሚከታተሉ ሠራተኞችን ያገኛል። በከባዱ እርከን ያሉት የከተማ ትምህርት ቤቶች የክፍላቸው ተማሪ ቁጥር ያነሰ ነው፤ በ2023 በተጀመረው የትምህርት ዓመት የትንንሽ ልጆች ብቻ በሆኑት ትምህርት ቤቶች አንድ መምህር ለ17 ልጆች ሲመደብ በመደበኛው አንድ መምህር ለ23 ነበር። የገጠሮቹ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን ይህን የክፍል ቅነሳ አያገኙም፤ በድህነታቸው ተመርጠው ከድጋፉ ዋና ክፍል መጉደላቸው ፍትሐዊ አለመሆኑን የገጠር ርዕሳነ መምህራን ሳያቋርጡ ያነሣሉ።

ሠላሳ ደቂቃ ለአንድ ልጅ

ድጋፍ የሚለው ቃል በበጀት ሰነድ ላይ ሲነበብ ቀዝቃዛ ነው፤ በክፍል ውስጥ ግን መልክና ድምፅ አለው። በብዙ የዴሽ ትምህርት ቤቶች በሥራ ላይ ከዋሉት ስልቶች አንዱ የኒውዚላንዷ ምሁር ማሪ ክሌይ የቀየሱት፣ ማንበብ ያቃታቸውን የስድስት ዓመት አካባቢ ልጆች ለብቻ የሚያስተምር ስልት ነው። አንዲት የሠለጠነች መምህርት ከአንድ ልጅ ጋር በየቀኑ ሠላሳ ደቂቃ ትቀመጣለች፤ ይህም ከ12 እስከ 20 ሳምንት ይዘልቃል።

ትምህርቱ የሚጀምረው ልጁ አስቀድሞ የሚያውቃቸውን ትንንሽ መጻሕፍት እንዲያነብ በማድረግ ነው፤ ልጁ በሚችለው ሲጀምር አንደበቱ ይፈታል። ከዚያ ትናንት አዲስ የነበረውን መጽሐፍ ብቻውን ሲያነብ መምህርቷ አጠገቡ ሆና፣ ሳታቋርጠው፣ በትክክል ያነበበውን ቃል በምልክት፣ የሳተውን ደግሞ እንዳለው አድርጋ በወረቀት ላይ ትመዘግባለች። የመዝገቡ ፋይዳ የስሕተቱ ብዛት ሳይሆን የስሕተቱ ዓይነት ነው፤ «ፈረስ» በሚለው ቦታ «በቅሎ» ያለ ልጅ ሥዕሉንና ትርጉሙን ተከትሎ ፊደሉን እንዳላየ፣ ለቃሉ ፊደል የሚቀርብ ነገር ግን ትርጉም የማይሰጥ ቃል ያለው ደግሞ ፊደሉን አይቶ ትርጉሙን እንደተወ ይታወቃል፤ ለሁለቱም የሚሰጠው እርዳታ የተለያየ ነው። ቀጥሎ ልጁ በራሱ አንደበት አንድ ዓረፍተ ነገር ያወጣል፣ ይጽፈዋል፤ መምህርቷ ዓረፍተ ነገሩን በሌላ ወረቀት ገልብጣ በመቀስ ቃል በቃል ትቆራርጠዋለች፤ ልጁም መልሶ ይገጣጥመዋል። በመጨረሻ ነገ የሚመዘገብበት አዲስ መጽሐፍ ይከፈታል።

አንድ ዓረፍተ ነገር ከልጁ ሕይወት መውጣቱ ለትራቭለር ልጅ የተለየ ትርጉም አለው፤ ስለ አባቱ ፈረስ ወይም ስለ አክስቱ ሠርግ የሚጽፍ ልጅ የቤቱ ነገር በትምህርት ቤት ወረቀት ላይ ቦታ እንዳለው ያያል። የዴሽ ውጤት በጥቅሉ ሲታይ፣ የአገሪቱ የትምህርት ጥናት ማዕከል ከ2007 ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ ባደረጋቸው ፈተናዎች በከተማ የዴሽ ትምህርት ቤቶች የንባብና የሒሳብ ውጤት እስከ 2016 ድረስ እየተሻሻለ መምጣቱን አረጋግጧል። ከአገሪቱ አማካይ ጋር ያለው ልዩነት ግን አልተዘጋም፤ በተለይ ሒሳብ ወደ ኋላ ቀርቷል።

በር የምታንኳኳው መምህርት

በዴሽ ካሉት ድጋፎች ሁሉ ወላጆች በበጎ የሚያነሡት በ1990 የተጀመረውን የቤት፣ የትምህርት ቤትና የማኅበረሰብ አገናኝነት ሥራ ነው። አገናኟ ከመደበኛ የማስተማር ሥራዋ ለተወሰኑ ዓመታት ነጻ ሆና፣ ወላጆችን በየቤታቸው እየሄደች የምታነጋግር የትምህርት ቤቱ መምህርት ናት። የምትሠራው ከልጁ ጋር ሳይሆን ከወላጁ ጋር ነው፤ የሥራው መነሻ ሐሳብም የልጁ የመጀመሪያ አስተማሪ ወላጁ ስለሆነ ወላጁ ትምህርት ቤቱን ካመነ ልጁም ያምናል የሚል ነው።

የአገናኟ መንገድ ብዙ ጊዜ ወደ ትራቭለር ማረፊያ ሰፈር ይወስዳታል። ማረፊያ ሰፈር የሚባለው የአካባቢው ምክር ቤት የሚያስተዳድረው፣ በሲሚንቶ የተለበጠና በግንብ የተከለለ ቦታ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የተጎታች ቤት ማቆሚያና መታጠቢያና ሽንት ቤት የያዘች ትንሽ ክፍል ይደረግለታል። ብዙዎቹ ሰፈሮች ከከተማ ጥግ፣ ከፈጣን አውራ ጎዳና ወይም ከኢንዱስትሪ ቀጠና አጠገብ በመሆናቸው ልጅ በእግሩ ትምህርት ቤት የሚሄድበት መንገድ የለም። በተጎታቹ ቤት ውስጥ ምሳ የሚበላበት፣ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ የቤት ሥራ የሚሠራበትና ሲመሽ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆነው ጠረጴዛ አንድና ያው ነው፤ በ2020 ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግተው ትምህርት በኢንተርኔት ሲሰጥ፣ መብራት የሚቆራረጥበት የማረፊያ ሰፈር ልጅ ከክፍሉ የራቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ልምድ ያላቸው አገናኞች እንደሚሉት የመጀመሪያዎቹ ጉብኝቶች ስለ ቀሪ ተማሪ ከሆኑ በሩ ይዘጋል። የቤተሰቡን ሐዘን ለመካፈል፣ ለተወለደ ሕፃን እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት ወይም ቅጽ ለመሙላት ለማገዝ የሄደች መምህርት ግን ሻይ ይቀርብላታል፤ በሻዩም መካከል እናትየው ልጇ ለምን ትምህርት ቤት እንደጠላ ትነግራታለች። ይህ በማንኛውም የውጤት መለኪያ ቅጽ ላይ ቦታ የሌለው ሥራ ነው፤ ያለ እርሱ ግን ሌላው ድጋፍ ሁሉ ከትምህርት ቤቱ አጥር አይወጣም።

በ2011 የሆነው

አየርላንድ ከ2008 የባንክ ቀውስ በኋላ በዓለም አቀፍ ብድር ሥር በወደቀችበት ወቅት፣ በታኅሣሥ 2010 የወጣው በጀት ለትራቭለር ልጆች ተመድበው የነበሩትን ተጨማሪ መምህራን በሙሉ ከመስከረም 2011 ጀምሮ እንዲነሡ አደረገ። ተዘዋዋሪ መምህራኑም በዚያው ቀሩ። የተሰጠው ምክንያት ድጋፍ በማንነት ሳይሆን በችግር መጠን ሊሰጥ ይገባል፣ ስለዚህ ትራቭለር ልጅ እንደማንኛውም ልጅ በመደበኛው እገዛ ይታቀፋል የሚል ነበር። በሐሳብ ደረጃ የማይነቀፍ ነገር ነው፤ የ1995ቱ ግብረ ኃይልም ልጆቹ ተለይተው እንዳይማሩ ፈልጎ ነበር። ነገር ግን ግብረ ኃይሉ ያሰበው ልዩ ክፍሉ ቀርቶ እገዛው ወደ መደበኛው ክፍል እንዲገባ ሲሆን፣ የተደረገው ልዩ ክፍሉም እገዛውም አብረው እንዲቀሩ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ፓቪ ፖይንት የተባለው የትራቭለሮች የመብት ድርጅት ያሳተመው ጥናት ለትራቭለር ትምህርት ተለይቶ ይወጣ የነበረው ገንዘብ በ86.6 በመቶ መቀነሱን አሳየ። በዚያ የቁጠባ ዘመን ሌላው የመንግሥት ወጪ የተቀነሰው ከዚህ እጅግ ባነሰ መጠን ነበርና፣ ድምፁ ደካማ የሆነ ወገን ከሁሉ በላይ ከፈለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የበጀት ባለሙያዎች ወገን የሆኑ ሰዎች አገሪቱ ምርጫ እንዳልነበራት ያስረዳሉ፤ የቁጠባው ግዴታ እውነት ነው፣ ሸክሙን የማከፋፈሉ ምርጫ ግን የመንግሥት ነበር።

> «ልዩ ክፍሉ እንዲቀር ታሰበ፤ ልዩ ክፍሉም እገዛውም አብረው ቀሩ።»

የጉዳቱ ልክ ከገንዘቡ ይበልጣል። ዴሽ የሚሰጠው ለትምህርት ቤት ነው፤ ትራቭለር ልጆች ደግሞ ሁሉም በዴሽ ትምህርት ቤት አይማሩም። የተሻለ ኑሮ ባለበት ከተማ ዳር በሚገኝ ማረፊያ ሰፈር የምታድግ ልጅ በአማካይ የተማሪዎቹ ኑሮ ደህና በሆነ ትምህርት ቤት ስትማር፣ የትምህርት ቤቱ አማካይ የእርሷን ችግር ይሸፍነዋል፤ ቤተሰቧ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወርም የሚከተላት ሰው የለም። ድጋፍን ከሕንፃ ጋር ማሰር ተሰባስቦ ለሚኖር ድሃ ይጠቅማል፤ ተበታትኖ ለሚኖርና ለሚንቀሳቀስ ሕዝብ ግን አይበቃም።

ከመግቢያው በር በኋላ

ገንዘብ ያልነካቸው እንቅፋቶችም አሉ። አንዱ የመግቢያ ደንብ ነው፤ አንዳንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አባቱ በዚያው ለተማረ ልጅ ቅድሚያ ይሰጡ ስለነበር፣ አባቶቻቸው ከአንደኛ ደረጃ ያላለፉ ትራቭለር ልጆች ከውድድሩ ገና ሳይጀምር ይወጡ ነበር። አንድ ቤተሰብ ይህን ደንብ ተቃውሞ ያነሣው ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2015 ሳይሳካለት ቀርቷል፤ ይሁንና ጉዳዩ በሕዝብ ዘንድ መነጋገሪያ መሆኑ አልቀረም፤ በ2018 የወጣው የተማሪዎች ቅበላ ሕግ በቀድሞ ተማሪ ልጅነት የሚሰጠውን ቦታ ቢበዛ ከአራት አንድ እንዲሆን ገደበ።

ሌላው የተቆረጠ የትምህርት ቀን የሚባለው አሠራር ነው። ልጁ በይፋ ሳይባረር፣ ከሌሎች ዘግይቶ እንዲገባ ወይም ቀድሞ እንዲወጣ ይደረጋል፤ በመዝገብ ላይ ተማሪ ነው፣ በተግባር ግን ቀኑን በቤቱ ይውላል። አሠራሩ ትራቭለር ልጆችንና አካል ጉዳተኞችን በብዛት እንደሚነካ በ2019 የፓርላማው የትምህርት ኮሚቴ ካጠናው በኋላ፣ ከጥር 2022 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ይህን ሲያደርጉ ቱስላ ለተባለው የልጆችና የቤተሰብ ጉዳይ ተቋም እንዲያሳውቁ፣ የወላጅ ስምምነትም እንዲያገኙ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። መምህራን ክፍልን የሚያውክ ልጅ ሲገጥማቸው ረዳት እንደሌላቸው ይናገራሉ፤ አቤቱታቸው ተገቢ ነው። ለረዳት እጦት መፍትሔው ግን የልጁን ቀን መቁረጥ ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ የከበደው እንቅፋት ማንም በሰነድ ያልጻፈው ዝቅተኛ ግምት ነው። ወጣት ትራቭለሮች ደጋግመው የሚያነሡት መምህራቸው ሳይጠይቃቸው ከክፍሉ ኋላ ሥዕል እንዲቀቡ መተዉን፣ ለከፍተኛው የፈተና ደረጃ መመዝገብ ሲፈልጉም ዝቅተኛው ይበቃሻል መባላቸውን ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማንነታቸውን የሚደብቁ ልጆች አሉ፤ አነጋገራቸውን ይቀይራሉ፣ የሰፈራቸውን ስም አይናገሩም። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሕዝባቸው ታሪክ አለመኖሩ ይህን ያባብሳል፤ የሥርዓተ ትምህርት ምክር ቤቱ በ2019 ባደረገው ፍተሻ የትራቭለር ባህልና ታሪክ የሚካተትባቸውን ቦታዎች ማመልከቱ ትክክለኛ ጅምር ነው። ቀደም ሲል የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ መጋቢት 1 ቀን 2017 በፓርላማ ትራቭለሮች የአገሪቱ ብሔረሰብ ለመሆናቸው በይፋ እውቅና ሲሰጡ ለዚህ ሥራ ሞራላዊ መሠረት ተጥሏል።

የመኖሪያው ጉዳይ ከትምህርቱ ሊነጠል አይችልም። የአካባቢ ምክር ቤቶች ለትራቭለር መኖሪያ ከማዕከላዊው መንግሥት ይመደብላቸው የነበረውን ገንዘብ ለዓመታት በከፊል ሳይጠቀሙበት መልሰዋል፤ ማረፊያ ሰፈር በአጠገባችን አይሠራ የሚለው የነዋሪዎች ተቃውሞ ተመራጮችን ከበጀት እጥረት የበለጠ ስለሚያስፈራቸው ነው። የትምህርት ሚኒስቴር አንድ ልጅ እንዲያነብ ሲደክም፣ ሌላው የመንግሥት ክንድ ልጁ መጽሐፉን የሚዘረጋበትን ቦታ ይነፍገዋል።

እስከ 2030

በጎ ለውጥ የለም ማለት አይቻልም። በ2011 ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የትምህርት ማስረጃ የነበራቸው ትራቭለሮች 89 ሲሆኑ በ2016 ቆጠራ 167 ሆነዋል፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ከእያንዳንዱ ጀርባ ያለው ጽናት ትልቅ ነው። በ2020 አይሊን ፍሊን የመጀመሪያዋ ትራቭለር ሴት የምክር ቤት አባል ሆነው ወደ ሴናት ገብተዋል። ከስትራቴጂው በፊትም በደብሊን፣ በኮርክ፣ በጎልዌይና በዌክስፎርድ የተካሄደ የሙከራ ፕሮጀክት፣ ከማኅበረሰቡ የተውጣጡ የትምህርት ሠራተኞችን ከአገናኝ መምህራን ጋር በማቀናጀት ልጆችን ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲሸጋገሩ አጅቧል። ይህ ሙከራ በስም ባይጠራም በ2011 የቀሩትን ተዘዋዋሪ መምህራን ሥራ በተሻለ መልክ የመለሰ ነው፤ የተሻለ የሚያደርገውም አሁን በሩን የሚያንኳኩት የቤተሰቡን ቋንቋና ሐዘን የሚያውቁ መሆናቸው ነው።

የአዲሱ ስትራቴጂ ጥንካሬ የማኅበረሰቡ ድርጅቶች በዝግጅቱ መሳተፋቸውና መኖሪያውን፣ ጤናውንና ትምህርቱን አያይዞ ማየቱ ነው። ድክመት የሚሆነው የሙከራውን ሠራተኞች በዓመት ኮንትራት ማቆየት ነው፤ መተማመን ለመገንባት ዓመታት የሚፈጅበት ሥራ በየመስከረሙ የሚታደስ ቅጥር አይችለውም። መንግሥት ሠራተኞቹን ቋሚ ማድረግ፣ ድጋፉ ልጁ በሚማርበት በማንኛውም ትምህርት ቤት እንዲደርስ ማድረግ፣ ሌላ የበጀት ቀውስ ቢመጣም ይህ መስመር መጀመሪያ የሚቆረጥ እንዳይሆን በሕግ መጠበቅ ይኖርበታል። በ2024 መስከረም ወደ ሁለተኛ ደረጃ የገቡ ትራቭለር ልጆች ስድስቱን ዓመት ከተማሩ የማጠናቀቂያ ፈተናቸውን የሚወስዱት ስትራቴጂው በሚያበቃበት በ2030 ነው፤ በዚያ ዓመት ከመካከላቸው ስንቱ በፈተናው ክፍል እንደተቀመጡ መንግሥት ቆጥሮ ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።